ጎንደር ላይ ታዋቂ ሰው ለማየት፦ ጎሃ ልውጣ፣ አዝማሪ ቤት ልግባ ወይስ ጥምቀትን ልጠብቅ?

ታኅሣሥ ሲገባ ጥያቄው ይጀምራል። የአዲስ አበባ ዘመድ ደውሎ «አርቲስቶቹ የት ነው የሚያመሹት?» ይላል። ከአሜሪካ የሚመጣው ደግሞ ይጨምርበታል፦ «ቦሊንግ ቤት የለም እንዴ እዚያ?» የሰማ ሁሉ ይስቅበታል። ጥያቄው ግን የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ሰውዬው በሚኖርበት አገር ዝነኛ ሰው ከካሜራ ርቆ ሲዝናና ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ደህና የቦሊንግ ቤት ነው። ጎንደር የምትታወቀው በቦሊንግ ባይሆንም፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ቦታ አታጣም። የትኛው ለማን ይሻላል የሚለውን ነው ከዚህ በታች የምጽፈው።

ቦሊንግ ቤት ለምን ሰው ያገናኛል?

ላላየው ሰው፣ ቦሊንግ ማለት በዘይት የተወለወለ ረጅም መስመር ላይ ከባድ ኳስ አንከባሎ ጫፍ ላይ የተደረደሩ 10 ዘንጎችን መጣል ነው። ከመወርወሪያው እስከ መጀመሪያው ዘንግ 18 ሜትር ከ29 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከባዱ ኳስ ከ7 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ላፍቶ ሞል ሄዶ የተጫወተ የአዲስ አበባ ልጅ ነገሩን ያውቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ዘመን የወዛደር መዝናኛ ነበር፦ ከፋብሪካ የወጣ ሰው ቢራውን ይዞ የሚጫወተው። በኋላ ነጋዴዎቹ መብራቱን ደብዘዝ፣ ሶፋውን ለስለስ፣ ሙዚቃውን ከፍ፣ ሒሳቡንም እንደዚያው ከፍ አደረጉት። ላኪ ስትራይክ እ.ኤ.አ. በ2003 ሆሊውድ ላይ ሲከፈት ቦሊንግን ከምሽት ክበብ ጋር አጋብቶ ነው የመጣው። ኒውዮርክ ላይ ከ1938 እስከ 2014 የቆየው ቦውልሞርም የሠራተኛ መጫወቻ ሆኖ ጀምሮ በስተርጅና የፋሽን ሰዎች መሰብሰቢያ ሆኗል። ስቱዲዮ ሲቲ ያለው ፒንዝ ለፊልም ስቱዲዮዎቹ ቅርብ በመሆኑ ተዋንያን ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡበት ቤት ተብሎ ስሙ ሲነሳ ኖሯል። ሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል ውስጥ ያለው ስፔር ሩም የተባለው ባር ደግሞ ያሉት መስመሮች 2 ብቻ ናቸው። ሁለት መስመር ባለበት ቤት ታዋቂ ሰው ከተገኘ ወይ እናንተ ጎን ነው፣ ወይ እናንተ መስመር ላይ ነው።

እንግዲህ ሰው እዚያ ዝነኛ የሚያየው ቤቱ ውድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ውድ ምግብ ቤትም ሞልቷል፤ እዚያ ግን ዝነኛው ጓዳ ገብቶ በልቶ በጓሮ በር ይወጣል። ቦሊንግ ላይ መስመሩን የሚከራየው በሰዓት ወይም በጨዋታ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ይቆያል። ጫማውን አውልቆ የቤቱን የኪራይ ጫማ ያጠልቃል፤ እናንተ ያደረጋችሁትን ያንኑ ሁለት ቀለም ያለውን። ተራውን ይጠብቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ፊት ይስታል። ኳሷ ዘንጎቹን ትታ ጎን ካለው ቦይ ውስጥ ዘው ስትል ሚሊዮን ተከታይ ያለውም ሰው አናቱን ይዞ ይስቃል። አንዳንዱ እርግጥ አይስትም። የቤዝቦል ተጫዋቹ ሙኪ ቤትስ እ.ኤ.አ. በ2017 በባለሙያዎች ውድድር ላይ 12 ጊዜ ተከታትሎ ሁሉንም ዘንግ ጥሎ 300 አስቆጥሯል፤ ከዚያ በላይ ነጥብ በጨዋታው የለም። የቅርጫት ኳሱ ክሪስ ፖልም ታዋቂ ጓደኞቹን ከባለሙያ ተጫዋቾች ጋር እያቧደነ በቴሌቪዥን የሚታይ የበጎ አድራጎት ውድድር ሲያዘጋጅ ኖሯል። እነሱ ግን ጥቂት ናቸው፤ የሚበዛው ስቶ የሚስቀው ነው።

ለጎንደር ይዛችሁት የምትመጡት መመዘኛ ይኼ ነው። ሰውዬው ቁጭ ብሎ ይቆያል ወይስ ያልፋል? እናንተንም እሱንም የሚያስተሳስር ጨዋታ አለ ወይስ ዝም ብሎ መተያየት ነው? ዝነኛው ራሱ ተጫዋች ይሆናል ወይስ መድረክ ላይ ነው? የኪስ ነገር አራተኛው ነው፤ እንደምታዩት ጎንደር ላይ ዋጋና ዕድል ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ጎሃ እና ሌሎቹ ሆቴሎች

ሁሉም መጀመሪያ የሚለው ጎሃ ነው። ሆቴሉ ከከተማዋ በስተሰሜን ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው፤ ከፒያሳ ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ዳገቱን መውጣት ነው። በረንዳው ላይ የተቀመጠ ሰው ግንቦቹን ከዛፉ መሐል ብቅ ብለው፣ ከተማዋንም ከእግሩ ሥር ተዘርግታ ያያል። ባለሥልጣን፣ የፊልም ቡድን፣ ከውጭ የመጣ ድምፃዊ፣ ሁሉም ለፀሐይ መጥለቂያ ይወጣበታል። መኝታ ሳይዙ አንድ ቢራ ወይም አንድ ሻይ አዝዞ መቀመጥ ይቻላል፤ ዋጋው ከፒያሳው ይወደዳል፣ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም።

ችግሩ ቦታው ራሱ ነው። እዚያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደ እይታው አዙሮ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ የምታዩት የታዋቂ ሰው ጀርባ ነው። የሚያነጋግር ነገርም የለም፤ ፀሐይዋ ትገባለች፣ ስልኩ ይነሳል፣ ጃኬት ይደረባል፣ ይወረዳል። እኔን ብትጠይቁኝ በሆቴል በኩል የሚሻለው ሰዓት ማታ ሳይሆን ጠዋት ነው። ሌሊቱን ያመሸ ድምፃዊ ቁርስ የሚወርደው ረፋዱ ላይ፣ የቁርሱ ሰዓት ሊያልቅ ሲል ነው፤ በነጠላ ጫማ፣ ፊቱን በቅጡ ሳይታጠብ፣ ሳህኑን ይዞ እንቁላል ከሚጠብሰው ሰውዬ ፊት ይሰለፋል። ሰልፍ ላይ ከፊታችሁ የቆመ ሰው ደግሞ ዝነኛም ቢሆን ሰልፈኛ ነው፤ «ቃሪያ ይግባበት?» ሲባል መልስ መስጠት አለበት። ለዚህ ግን እዚያው ማደር ያስፈልጋል፤ ከአማራጮቹ ሁሉ ውዱም ይኼኛው ነው።

ኃይሌ ሪዞርት ጎንደርም አለ። ሰው ስሙን አይቶ ባለቤቱን አገኛለሁ ብሎ ይሄዳል። በ10 ሺህ ሜትር አትላንታና ሲድኒ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀ ሰው በር ላይ ቆሞ ቢቀበላችሁ የሚጠላ የለም። ሰውዬው ግን ሐዋሳም፣ አርባ ምንጭም፣ አዳማም ሆቴል አለው፤ ዕድላችሁን ለከተሞቹ ሁሉ አካፍሉት። ለመዋኛና ለመኝታ ከሆነ ሂዱ፣ ለኃይሌ ብላችሁ ከሆነ ግን እንጃ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዝነኛው ጎሃ ወይም ኃይሌ ሲያርፍ የሙዚቃ ባንዱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ፒያሳ አካባቢ ካሉት መካከለኛ ሆቴሎች ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ፣ ድራመሩ፣ የድምፅ ባለሙያው፣ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ካፌ ደጃፍ ማኪያቶ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። ማታ የት እንደሚኬድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ለጨዋታም የቀረቡ ናቸው፤ ማንም ስለማይከባቸው።

ጥምቀት

በቁጥር ከሄድን ጥምቀትን የሚያህል የለም። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ፣ እዚያው ያድራሉ። ጥር 11 ማለዳ ከቀሃ ወንዝ ተስቦ የሞላው ውኃ ይባረካል፣ ወጣቱ ይዘልበታል። ጥር 12 ሚካኤል ይመለሳል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳው የባሰ በዝቷል። የታወቀ ድምፃዊ፣ ተዋናይ፣ አትሌት፣ ሚኒስትር፣ አምባሳደር፣ ማንን ፈልጋችሁ ነው? ከበዓሉ በፊት ባሉት የባህል ዝግጅቶችና የሙዚቃ ድግሶችም ላይ ብዙዎቹ ይገኛሉ።

በመመዘኛችን ግን ጥምቀት ዝቅ ይላል። ክቡራን እንግዶች የሚቀመጡበት ቦታ የተከለለ ነው፤ እናንተ ከሕዝቡ ጋር ናችሁ፤ መሐል ላይ ጥበቃ አለ። የምታዩት ነጭ የአገር ልብስና ጥቁር መነጽር ነው፤ ማን መሆኑን የሚነግራችሁ አጠገባችሁ ያለው ጎረምሳ ነው፣ እሱም አንዳንዴ ይሳሳታል። ደግሞም ቀኑ የእሱ ቀን አይደለም። ካህናቱ እያሸበሸቡ፣ ታቦት በፊታችሁ እያለፈ፣ ዓይናችሁን ተዋናይ ላይ ተክላችሁ ስልክ ብታነሱ አንዲት እናት ክንዳችሁን ይዘው «ልጄ፣ ምን ልታይ ነው የመጣህ?» ማለታቸው አይቀርም። እውነታቸውን ነው።

ከፍ ያለ ቦታ ለመያዝ ብላችሁ የእንጨት መቀመጫ መድረክ ላይ የምትወጡም ካላችሁ አስቡበት። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. መዋኛው ዳር የተሠራ የእንጨት መድረክ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰው ቆስሏል። ሰው የበዛበት፣ የሚንቃቃ መድረክ ካያችሁ ማንም ይቀመጥበት ማን ውረዱ።

የጥምቀት ሰሞንን የምትፈልጉት ለበዓሉ ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ለዝነኛ ብላችሁ ከሆነ ግን ከተማዋ በእንግዳ የተሞላችባቸውን ቀናት ተጠቅማችሁ ሌላ ቦታ ብትቀመጡ ይሻላችኋል። ያ ሌላ ቦታ የትኛው ነው ካላችሁ የሚከተለው ነው።

አዝማሪ ቤት

እኔ የምመርጠው ይኼን ነው፣ ሳልሸሽግ ልናገር። የአዝማሪ አገር ነው ያላችሁት፤ ቡርቧክስ የሚባለው የአዝማሪዎች መንደር እዚሁ ጎንደር አጠገብ ነው፤ አባት ለልጅ ማሲንቆ ሲያወርስ የኖረበት። አዲስ አበባ ካዛንቺስ ሲጫወቱ የኖሩት ብዙዎቹ ዘራቸው ከዚህ ነው። የሙያ ሰው ደግሞ የሙያ ሰው ለማየት ይመጣል። መድረክ ላይ በባንድ የሚዘፍን ድምፃዊ ጎንደር ሲገባ አንድ ማታ ማሲንቆ ሳይሰማ አይወጣም፤ ዜማም ይለቅማል፣ ግጥምም ይሰርቃል፤ ተሰራቂዎቹ ያውቁታል፣ ዝም ይላሉ፣ በግጥም ይከፍሉታል።

ቤቱ ትንሽ ነው። ዙሪያውን ዝቅ ያለ በርጩማና ሞሰብ፣ ሳር የተጎዘጎዘ ወለል፣ ግድግዳው ላይ አገልግልና ጋሻ። ታዋቂ ሰው ቢገባ የሚለይበት ክፍል የለውም፤ ጉልበቱ ከጉልበታችሁ ጋር እየተነካካ ነው የሚቀመጠው። ኮፍያውን ደፍቶ ጥግ ይይዛል። አዝማሪው አያየውም ብላችሁ ካሰባችሁ አዝማሪ አታውቁም። መጀመሪያ ከበሩ አጠገብ ያሉትን ሁለት ሦስት ሰዎች ያሞጋግሳል፣ ወዲያ ያለችውን ፀጉሯን የተሠራች ልጅ ያወድሳል፣ እየዞረ እየዞረ ማሲንቆውን ጥግ ላይ ካለው ሰው ፊት ያቆመውና እንዲህ ያለውን ይለቅበታል፦

ኮፍያ ደፍቶ ገባ እንዳይታወቅ ብሎ፣
ማን ፀሐይን ይይዛል በወንፊት ከልሎ።

ቤቱ በጭብጨባ ይናወጣል። ሰውዬው ከዚህ በኋላ መደበቂያ የለውም፤ መሸለም አለበት። ተነሥቶ ብሩን አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ ወይም እጁ ላይ ያስጨብጣል፤ ደፋር ከሆነ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጣል። የቦሊንጉ ቦይ እዚህ ላይ ነው ያለው። ስንኙ ቤት ካልመታ፣ ምት ከሳተ፣ አዝማሪው አይምረውም፤ ያንኑ ስንኝ ራሱ አስተካክሎ መልሶ ይዘፍንበትና ያሸማቅቀዋል። በካሴት ዘመን ጀምሮ ሲዘፍን የኖረ ሰው፣ ግጥም ሰጪ ያለው ሰው፣ ማሲንቆ ፊት ሲንተባተብ ማየት ነው። ሰዎች ለምን ስታዲየም ኮንሰርት ከፍለው እንደሚገቡ የማይገባኝ ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲያ እናንተም ተጫዋች ናችሁ። ተራው ይደርሳችኋል፤ ስማችሁ፣ ሰፈራችሁ፣ አብራችሁ ያለችው ልጅ ማን መሆኗ፣ ሁሉም በግጥም ይወጣል። ጥግ ላይ ያለው ታዋቂ ሰው እናንተ ላይ ይስቃል። ከዚህ የበለጠ መተዋወቂያ የለም፤ ስትወጡ «ጥሩ ሰደበህ!» ብሎ ትከሻችሁን መታ ቢያደርጋችሁ የሚገርም አይደለም።

ለዚህ ቤት ዝግጅት ያስፈልጋል። ትልልቅ ብር ብቻ ይዛችሁ አትግቡ፤ ባለ 50 እና ባለ 100 በዛ አድርጉ፣ አዝማሪው ሲመጣ ኪስ መፈተሽ ያሳፍራል። ብርሌ ጠጁን ቀስ በሉ፤ ጣፋጭ ነው፣ እግር ግን ይይዛል። ዝነኛውን አይታችሁ ለአዝማሪው በአስተናጋጅ በኩል ስሙን አትላኩ፤ ያ ነውር ነው፣ አዝማሪውም አያስፈልገውም። ዐቢይ ጾም ላይ ከመጣችሁ ደግሞ ይኼን አማራጭ እርሱት፤ ማሲንቆው የሚሰቀልበት ጊዜ ነው፣ የሚከፈቱትም ቀዝቃዛ ናቸው። ስለ መመለሻችሁም አስቀድማችሁ አስቡ፦ ባለፉት ዓመታት በክልሉ የጸጥታ ችግር ምክንያት የምሽት እንቅስቃሴ የተገደበባቸው ወቅቶች ነበሩ፤ ባጃጅም ከመሸ እንደልብ አይገኝም። የሆቴላችሁን እንግዳ ተቀባይ «እስከ ስንት ሰዓት ነው መንቀሳቀስ የሚቻለው?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አያሳፍርም፤ የሚያውቁትን ሾፌር ቁጥር ይዞ መውጣትም እንዲሁ።

ከረንቡላ

ለቦሊንግ በዘር የሚቀርበውም አማራጭ እዚሁ አለ፣ እንግዳ ግን አይጠይቅም። ጣሊያን ፒያሳን ሲሠራ ከሕንፃዎቹ ጋር ጥሎልን የሄደው ከረንቡላ ነው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ሦስት ኳስ፣ መሐል ላይ የሚቆሙ ትንንሽ እንጨቶች፤ ኳስን በኳስ መትቶ እንጨቶቹን መጣል። ወጣቱ ፑልና ጆተኒ ላይ ነው፤ ከረንቡላው ዙሪያ የምታገኙት ዕድሜ የጠገበውን ነው። ዱላው ጫፍ ላይ ኖራ ይቀባል፣ ይለካል፣ ይነጣጠራል፣ «ተው፣ ተው፣ እንዲያ አይደለም!» የሚል ተመልካች ከጫፍ ጫፍ አለ።

ማን ይመጣል? በዩቲዩብ የምታውቁት አይደለም። የድሮ ኳስ ተጫዋች፣ ጡረታ የወጣ የቲያትር ሰው፣ በክፍለ ሀገር ዘመን ኪነት ቡድን ውስጥ የዘፈነ ሰው፤ ከተማው «እሱ እኮ ነው!» እያለ በዓይኑ የሚጠቁማቸው። አልፎ አልፎ ደግሞ እዚሁ ሰፈር ያደገ፣ አሁን አዲስ አበባ ስሙ የገነነ ሰው የልጅነት ጓደኞቹን ፍለጋ ይገባል። እሱ ሲገባ ማንም አይነሣም፤ «መጣህ? ቁጭ በል፣ ተራ ጠብቅ» ይባላል። በቦሊንግ ቤት የሚመሰገነው ነገር ይኼ አይደል? ወጪው ደግሞ አንድ ሻይ ነው።

ጉድለቱ ሁለት ነው። ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ብዙ ከሰዓት ተቀምጦ ምንም ላይታይ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቤቱ የወንዶች ቤት ነው፤ ሴት እንግዳ ብትገባ ማንም አያስወጣትም፣ ግን ጨዋታው ቆሞ ሁሉም እሷን ማየት ይጀምራል፤ ዝነኛዋ እሷ ትሆናለች ማለት ነው። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ደግሞ በፍጹም። ፎቶ ከፈለጋችሁ ጨዋታው ካለቀ በኋላ፣ በር ላይ።

ባጭሩ የሚታለፉት

ስታዲየም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማዋ አብዳ ነበር፤ ዐፄዎቹን በሜዳቸው ማየት የሚፈልግ እንግዳም ብዙ ነው። ነገር ግን ከዚያው ዓመት ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ስለጀመረ በፋሲለደስ ስታዲየም በር ላይ ተጫዋች ለማየት መጠበቅ እንደ ድሮው አያዋጣም። ተጫዋቾቹን ከፈለጋችሁ በእረፍት ጊዜያቸው ፒያሳ ሲንሸራሸሩ ነው።

ምረቃ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሐኪምና ጤና ባለሙያ ሲያስመርቅ የኖረ ነው። አገራችን ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች በምረቃ ቀን ለአርቲስትና ለታወቀ ሰው የክብር ዶክትሬት መስጠት ልማድ አድርገውታል፤ ተመራቂ ዘመድ ካላችሁና ካርድ ካገኛችሁ ድንገት ትልቅ ሰው በጋዋን ልታዩ ትችላላችሁ። ካርድ ከሌላችሁ ግን ከአጥሩ ውጭ ፀሐይ መሞቅ ነው።

ሠርግ። ከጥምቀት እስከ ጾሙ መያዣ፣ ከፋሲካ በኋላም፣ ስመ ጥር ድምፃዊ ለሠርግ ተከፍሎት ይመጣል። ያልተጠራ ሰው ዝነኛ ለማየት ብሎ ሠርግ ሲገባ ግን አይቼ ደስ አይለኝም። የተጠራችሁ ከሆነ ድምፃዊው እራት የሚበላው ከመድረኩ ጀርባ ነው፤ የበላ ሰው ደግሞ አይቆጣም፣ ከበላ በኋላ ቅረቡ።

ካገኛችሁት ምን ታደርጋላችሁ?

የትም ቦታ ብታገኙት በባዶ ስሙ ጮክ ብላችሁ አትጥሩት። በዕድሜ ከበለጠ ጋሼ፣ ከበለጠች እትዬ፤ ካልሆነ «አርቲስት» ብሎ ስሙን ማስከተል የለመደ ነው። ከልጆቹ ጋር ወይም እየበላ ከሆነ ጠብቁ። ሆቴልና አዝማሪ ቤት ላይ የሚያምረው በአስተናጋጁ በኩል የሚጠጣውን ልኮ ከሩቅ እጅ ነሥቶ መቀመጥ ነው። ከፈለገ ብርጭቆውን አንሥቶ ይጠራችኋል፤ ካልፈለገ ምስጋናውን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይነግራችኋል፣ እዚያ ላይ አበቃ። ቪዲዮ ከማንሣት በፊት መጠየቅ ግድ ነው፤ በተለይ ማታ። ሰካራም መስሎ ቲክቶክ ላይ መውጣት የሚፈልግ የለም፤ ባያውቃችሁም ስሙን አጥፍታችሁ መሄድ አይገባም።

ታዲያ የቱን ልምረጥ?

አንድ ማታ ብቻ ያላችሁና ጾም ያልሆነ ጊዜ የመጣችሁ፣ አዝማሪ ቤት ግቡ፤ ዝነኛ ባይመጣ እንኳ ማታው አይባክንም፣ ስትሰደቡ ታመሻላችሁ። ልጅ ይዛችሁ ወይም ከእናታችሁ ጋር ከሆናችሁ አዝማሪ ቤት የሚወጣው ግጥም አንዳንዱ ለእናት ጆሮ አይሆንምና ጎሃ ውጡ፤ ጀርባውን ብታዩም እይታው አለ። ገንዘብ የማይቸግራችሁ እዚያው እደሩና የቁርሱን ሰልፍ ጠብቁ። ብዙ ቀን የምትቀመጡ፣ ስም ከገነነው ሰው ይልቅ ታሪክ ያለውን ሰው የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከረንቡላ ቤት አንድ ሻይ አዝዛችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ጨዋታውን ሳትማሩ አስተያየት አትስጡ እንጂ።

እንደ አስቴር አወቀ ያለች፣ ጎንደር የተወለደች፣ ከተማው ሁሉ ልጄ የሚላትን ሰው ለማየት ተስፋ ያደረገ ካለ ግን ቦታ ሳይሆን ቀን ይምረጥ። እንዲህ ያሉት ሲመጡ ለዝግጅት ነው፤ ማስታወቂያው ፒያሳ ግድግዳ ላይ ሳይለጠፍ በፊት ወሬው ፀጉር ቤት ይደርሳል። ፀጉር ቤት ግቡና ጠይቁ።

ለጥምቀት የመጣችሁ ከሆነ የመመለሻ ቲኬታችሁን ጥር 13 ጠዋት አድርጉት። አዘዞ የሚገኘው የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ትንሽ ነው፤ የመጣው ሁሉ የሚመለሰው በዚያው ነው፣ ሻንጣውን እየጎተተ፣ እንቅልፉን ሳይጠግብ። በረራው ሲዘገይ ደግሞ ሁሉም አንድ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ነው፤ የስልክ ቻርጀር የያዘ ሰው ያኔ ከማንም ጋር ይተዋወቃል። ቻርጀራችሁን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት።